ለእናቴ የተላኩት ሽማግሌዎች

ውድ እማዬ፣

ኤረር እንዴት ይዞሻል? ሙቀቱ አልጠናብሽም? እኔ ደህና ነኝ፤ ጅግጅጋም ያው ነፋሷን እየነፈሰች ናት። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክማ ሞክሬ ነበር። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» ስልሽ «መድኃኒቴን ውጫለሁ» ብለሽ ዘጋሽብኝ። ስለዚህ በወረቀት ይዤሻለሁ፤ ይሄን መዝጋት አትችዪም።

ልነግርሽ የፈለግሁት ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የመጡ ቀን የሆነውን ነው። አንቺ ገበያ ነበርሽ። በሩ ሲንኳኳ ብከፍት ጎረቤታችን አዴር ሳማታር ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ከኛ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቆመዋል። ግቡ አልኳቸው፣ ገቡ። ተቀመጡ አልኳቸው፣ እምቢ አሉ።

«የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም።»

እማዬ፣ አትሳቂብኝ፤ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ሽማግሌ መጣልኝ ብዬ አሰብኩ! በአንድ እጄ ጸጉሬን አስተካከልኩ። ማን ይሆን? ያ ከሸደር የስደተኞች ካምፕ የሚመላለሰው የእርዳታ ድርጅት ሾፌር ይሆን? ቢሆንም አይከፋም፣ ጥርሱ ያምራል። ዓይኔን ሰበር አድርጌ «እናቴ ገበያ ናት፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከእሷ ጋር ብትነጋገሩ ይሻላል» አልኳቸው።

አዴር ሳማታር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከእሷ ጋር አይሆንም፣ አባዮ፣ እህቴ። የምንለምነው እሷን ነው። አባት የላት፣ ወንድም የላት፤ ሰጪዋ አንቺ ነሽ።»

«እናቴን? ለማን?»

«ለመምህር ሰይፈ።»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሳቄም እንባዬም እኩል መጡብኝ። ደንቡ ቀጠሮ መስጠት ነውና፣ እንደምንም ቀጠሮ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። አዴር ሳማታር ያመጡትን የሀልዋ ጣፋጭ ብብታቸው ሥር መልሰው ሸጎጡና «እሺ ስትዪ ይበላል» ብለውኝ ሄዱ።

ጋሽ ሰይፈን መቼም አልረሳቸውም። በ2010 ክረምት ከተማው ሲታመስ አዴር ሳማታር ቤት የተጠለልን ጊዜ፣ ለጡረታ ጉዳይ መጥተው መንገድ የተዘጋባቸው አንድ አስተማሪ ጥግ ይዘው ተቀምጠው ነበር። የአዴር ሳማታር ሚስት ሱዕዲ በሩን ቆልፋ ቁርአኗን ትቀራለች፣ አንቺ ዳዊትሽን ትደግሚያለሽ። ከየት እንደመጡ ጠየቅሻቸው፤ ኤረር አሉሽ። ዳዊቱን አጠፍሽው።

«የባቡር ጣቢያው አለ?»

«ጣቢያውማ አለ። ባቡሩ ነው የቀረው።»

ሳቅሽ። ውጭ ጩኸት ነበር፤ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ተቀምጠናል፤ አንቺ ሳቅሽ። እንደዚያ ዓይነት ሳቅ ከአንቺ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ይቺ ደግሞ ማናት ብዬ ዞሬ አየሁሽ። ከዚያ ወዲህ ብርቱካን በአውቶቡስ መምጣት ጀመረ። የምን ብርቱካን ነው ስልሽ «የአገሬ» ትዪኛለሽ። እኔም ሞኟ እልጣለሁ፣ እበላለሁ።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ከገበያ ስትመለሺ ፊቴን አይተሽ ሁሉን አወቅሽ። ዘንቢልሽን አስቀምጠሽ የልብስ ስፌት መኪናሽ ፊት ቁጭ አልሽና በሕይወትሽ ነግረሽኝ የማታውቂውን ነገርሽኝ። አያቴ ወልደሥላሴ የባቡር ሠራተኛ እንደነበረ አውቃለሁ። አንቺ ገና ልጅ ሳለሽ ሽማግሌ መጥቶ፣ ጓዳ ሆነሽ አባትሽ «ሰጥቻለሁ» ሲል በግድግዳው መስማትሽን ግን አላውቅም ነበር።

«የሰውየውን ስም ሲናገሩ ባቡር ደረሰና ጮኸበት» አልሽኝ። «ሙሽራው አባትሽ፣ መለሰ የሚባል ወታደር፣ መሆኑን የሰማሁት ለሠርጉ ጸጉሬን ሲሠሩኝ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ነፍሱን ይማረው። ግን እኔ ተሰጠሁ እንጂ አልሄድኩም።»

አየሁሽ። ያቺ ልጅ ናት እኮ በዚያው ባቡር ከኤረር ወጥታ፣ ባሏ ሲሞት በሰው ከተማ የሱማሌ ሙሽሮችን ድሪያ ቀሚስ እየሰፋች ያሳደገችኝ! አብሬሽ አርጅቼ አላውቅሽም ነበር።

«አሁን መስጠቱ የአንቺ ነው» አልሽኝ። «እምቢ ካልሽ አልሄድም።»

ልቤ ደግሞ እምቢ ብሎ ነበር፤ አንቺም ታውቂዋለሽ፣ በዚያ ሰሞን ተኮራርፈን ከርመናል። ደም ግፊትሽ አለ፣ ጉልበትሽ አለ። ሌሊት ቢያምሽ ማን ሐኪም ቤት ያደርስሻል? ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ሥራ ውዬ ስገባ የስፌት መኪናሽን ድምፅ የማልሰማበትን ቤት ማሰብ አቃተኝ።

በቀጠሮው ቀን መጥተው እንደ ልማዳቸው ቆሙ። አንቺ ጓዳ ገባሽ። እኔ «እናቴ የደም ግፊት በሽተኛ ናት፣ ኤረር ደግሞ ሙቀት ነው…» ብዬ ስጀምር የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። እማዬ፣ ያን ጊዜ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ለሰው ሙሽራ ስትሰፊ የኖርሽውን ድሪያ፣ ውኃ ሰማያዊውን፣ ለራስሽ ሰፍተሽ ለብሰሻል። በእኔ በኩል የምትመጪ መስሎኝ ቦታ ለቀቅሁልሽ። አንቺ ግን አልፈሽኝ ሄደሽ በወዲያ በኩል፣ ሽማግሌዎቹ አጠገብ ቆምሽ።

አዴር ሳማታር ደነገጡ። «ብርቄ! ሙሽራዋ አንቺ፣ ሽማግሌዋም አንቺ? ይሄ በኛ ባህል የለም፤ በእናንተም የለም!»

«ዛሬ አለ። ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ» አልሻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞርሽ። «ንጋቷ፣ እናትሽን ለሰይፈ ስጪን ብለን መጥተናል። ካልሰጠሽን አንቀመጥም።»

ያ የታመመ ጉልበትሽ ከድሪያው ሥር ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ወንበር አጠገብሽ ነበር፤ አልተደገፍሽውም። በዚያ ክፉ ቀን አዴር ሳማታር ቤት የሳቅሽው ሴትዮ፣ እኔ ምን እንደምል ፈርተሽ አፍ አፌን ታዪ ነበር። ይሄን ያህል ትፈልጊዋለሽ ማለት ነው! በሰባ ሁለት ዓመትሽ አንድ ነገር እንደዚህ መፈለግ ትችያለሽ! ገረመኝ።

«ተቀመጪ፣ እማዬ» አልኩ።

አዴር ሳማታር ግራ ቀኝ አዩና «እኛስ?» አሉ።

«እናንተም ተቀመጡ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ ሱዕዲ ከአጥር ወዲያ ስትሰማ ኖራ እልልታውን ለቀቀችው፣ ሀልዋውም ተቆረሰ።

ቤቱ ጭር ማለቱን አልደብቅሽም። ለጥምቀት እመጣለሁ፤ ጋሽ ሰይፈ ጣቢያውን ያሳዩኝ። ሰውማ በየመንገዱ «እናትሽስ?» እያለ ይጠይቀኛል። «የለችም» እላለሁ፣ ሆን ብዬ። ፊታቸው ይለወጣል፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ነፍስ ይማር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ «አግብታ ሄደች» እላቸዋለሁ።

የዳረችሽ ልጅሽ፣
ንጋቷ
ጅግጅጋ