ያልጠገበው ድንጋይ

ለእናቴ፣

እንደምን አለሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ? ያ ወገብሽስ? እኔ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ለክፉ አልሰጠኝም። ሰላምታዬን ማሳጠሬን እንዳትቀየሚኝ። ይህን የሚያነቡልሽ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እትዬ ከሆኑ፣ ቀሪውን ከማንበባቸው በፊት አንድ ነገር ያድርጉልኝ፤ የላክሁልሽን ድንጋይ ከጀርባሽ ያንሱልኝ። አሁኑኑ። እጃቸውን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው ጓሮ ያውጡት። ከዚያ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

አሥር ዓመት ሙሉ ስዋሽሽ ኖሬያለሁ። ድንጋይ እጠርባለሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። እኔ አሟቂ ነኝ። ገላ ድንጋይ ከጉድጓድ ሲወጣ እንደማንኛውም ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ሰው ጀርባውን ካላስደገፈበት ለአጥር እንኳ የማይፈለግ ተራ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል። ሰው ከተደገፈው ግን ከገላው ሙቀት እየወሰደ እየወሰደ አንድ ቀን ይጠግባል። ከጠገበ በኋላ ዘላለም አይበርድም። ሀብታሞቹ መኝታ ቤታቸውን በእሱ የሚያስገነቡት፣ ክረምቱን ያለ ማገዶ የሚከርሙትም ለዚህ ነው። እኛ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ተደርድረን ድንጋያችንን ተደግፈን እንውላለን። ካርታ እንጫወታለን፣ እንተራረባለን። እየተፈራረቃችሁ ስለምትደገፉ አይጎዳችሁም ይሉናል። ይሁን እንጂ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ የማያወልቅ ሰው ካየሽ ከእኛ አንዱ ነው።

አሥር ዓመት የሞላው አሟቂ ትራስ የምታክል ድንጋይ ይሰጠዋል። ለእናቱ የሚልክ ሰው ደግሞ ከማንም ጋር አይፈራረቅም፤ የራሱን ገላ ብቻ ነው የሚሰጣት፣ ደንባችን ነው። እኔም ለእናቴ የባዕድ ሙቀት አልክም ብዬ ሁለት ወር ብቻዬን ተደገፍኩት። ጓደኞቼ መቼ ነው የሚፈለፈለው እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። ኩራቴን ብታይው።

የተሳሳትኩት መጨረሻ ላይ ነው። አሟቂ የራሱን ድንጋይ በራሱ እጅ አይፈትንም። እጃችን ስለቀዘቀዘ ምኑም ምኑም ይሞቀናል። የሚፈትንልን ድንጋይ ተደግፎ የማያውቅ አንድ ነጭናጫ ሽማግሌ አለ፤ ምድጃው ነው የምንለው። የዚያን ቀን ምድጃው ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ ነበር። የፖስታው ጋሪ በር ላይ ቆሟል፣ ነጂው ቶሎ በሉ እያለ ያመናጭቃል፣ ሌላ ጋሪ የሚመጣው ከወር በኋላ ነው። ወገብሽ ትዝ አለኝ። እጄን አሳረፍኩበት፣ ሞቀኝ። ጠግቧል ብዬ አሸግኩት።

ያልጠገበ ድንጋይ የተደገፈውን ሰው ሁሉ ይበላል እማዬ። እኔ እውነቱን ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ አጠገብሽም አታስደርሺውም ነበር። አንቺን ላለማሳዘን ብዬ ነው የዋሸሁት፤ አሁን የትኛውን ጥፋቴን ከየትኛው ማስቀደም እንዳለብኝ እንኳ አላውቅም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከአራት ቀን በፊት ነው። ሁለት ወረቀት ነው። የመጀመሪያው አንቺ እየነገርሻቸው እትዬ የጻፉት ነው። ድንጋዩ ከቀን ወደ ቀን ሙቀት እየጨመረ መሄዱን፣ ወዶኛል መሰለኝ ብለሽ ለሰው ሁሉ ማውራትሽን፣ የወገብ ሕመምሽ መጥፋቱን ነገርሽኝ። እየሳቅኩ ነበር የማነበው። ከታች በኩል እንደ ዋዛ፣ እርጅና ነው መሰለኝ ፀሐይ ላይ ሁለት ሹራብ ደርቤም ይበርደኛል ትያለሽ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ምድጃው ሮጥኩ። ሁለቴ አነበበውና በማን እጅ እንደፈተንኩት ጠየቀኝ። ስነግረው አልሰደበኝም። እንዲሰድበኝ ለመንኩት።

አንቺ ጋ ልሂድ ስለው አለቃችን ሂድ፣ ማን ያዘህ፣ ግን መጀመሪያ እግርህን እየው አለኝ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጣቶቼ አይሰሙኝም፤ ይህንንም አልነገርኩሽም። ሆኖም ወጣሁ። ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል። ፖስተኛው በበቅሎ የሚሻገርበትን ቦታ እኔም ልሞክር ብዬ ገባሁ፣ ሁለት ሰዎች ጎትተው አወጡኝ፤ በቃሬዛ መለሱኝ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። ፖስተኛው ነገ ይሄዳል። የአንቺ ደብዳቤ እኔ ጋ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል፤ የእኔም ያንኑ ያህል ይፈጃል። በጣቴ እቆጥርና ድምሩ አላምር ሲለኝ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።

ሁለተኛው ወረቀት እትዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ በራሳቸው የጨመሩት ነው። እኔን ለማጽናናት ነው የጻፉት፣ ፈጣሪ ይስጣቸው። አታስብ፣ እናትህ አሁን በረደኝ ማለቱን ትተዋለች ይላሉ። ሁለቱንም ሹራብ አውልቃለች። ቀኑን ሙሉ ጀርባዋን ለድንጋዩ ሰጥታ ትተኛለች፣ ሲጠሯት ፈገግ ትላለች። ቤቱ ከመሞቁ የተነሳ እሳት ማንደድ ትተናል፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየገባ የላከላትን ልጅ ይመርቃል ብለዋል።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው በረደኝ ማለት ትቶ ሹራቡን ሲያወልቅ፣ ካርታችንን አስቀምጠን ቃሬዛ እናመጣለን። ከዚህ በላይ አልነግርሽም። ምናልባት እዚያ የሞቀ ቀን ሆኖ ይሆናል። ምናልባት እትዬ አጋንነው ይሆናል፣ ማጋነን ይወዱ የለ። ጠዋት ጠዋት እንዲህ እላለሁ፤ እስከ እኩለ ቀን ድረስ አምነዋለሁ።

እማዬ፣ ጉልበትሽን ስሜ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ፈጣሪ ይህን ወረቀት ከጎርፉ አሻግሮ እጅሽ ያድርስልኝ። ብትቆጪኝም፣ ብትረግሚኝም፣ ብቻ ቃልሽን ልስማ።

እትዬ፣ ለእርስዎ ደግሞ አንዲት ቃል አለችኝ። እማዬ የምትሰማዎት ከሆነ ጮክ ብለው አያንብቡት። የማትሰማዎት ከሆነ ግን ድንጋዩ ጠግቧል፣ ከእንግዲህ ማንንም አይጎዳም፤ ያወጡት እንደሆነ መልሰው ያስገቡት። እንዲህ ያለ ድንጋይ ብርቅ ነውና ፈላጊ ይመጣል። ባለጸጋም ይምጣ ሹም፣ ለማንም አይስጡብኝ። መንገዱ ሲደርቅ እየተንፏቀቅኩም ቢሆን እመጣለሁ። ስደርስ በሩን ይዝጉልኝና ለአንድ ቀን ብቻዬን ልደገፈው። ሙቀቷ አይበርድም።

ልጅሽ