ስልኩ ላይ የሌለችው መስመር

ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ለቀቀህ ወይስ አሁንም ወንበር ላይ ትራስ ደርበህ ነው የምትሠራው? ባለቤትህ ደህና ናት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቷን ቢያማትም ደህና ናት። አንተ በስልክ ደህና ነኝ ስትል ግን፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አላምንህም። ያ ስልክ ፊት ያሳምራል። ባለፈው በቪዲዮ ስትታይ ጉንጭህ ሞልቶ የተመቸህ መስለህ ነበር። ታላቃችን እትዬ "እንዴት አምሮበታል!" አለች፤ እኔ ግን መብራቱ ነው አልኩ። እስቲ በወረቀት ደህና ነኝ በለኝና ልመንህ።

ደብዳቤ ስታይ ምን ሆነው ነው ብለህ እንዳትደነግጥ። ማንም አልታመመም፣ ማንም አልሞተም። ደውዬ ልነግርህ እችል ነበር፤ መልእክትም ልልክልህ እችል ነበር። ግን ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ በቅርቡ አይቻለሁና ይህችን ጉዳይ ለስልክ አላምናትም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባል የለ? እኔን ጥሎኛል። እስካሁን ጎኔን እያሻሸሁ ነው።

ነገሩ የመጽሔታችን ነገር ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ "ዚን" ነው የምትላት። ዚን! ትንኝ ጆሮ ሥር ስትዞር የምታሰማው ድምፅ እኮ ነው። ለእኔ አሁንም "እጥፋት" ናት። ልጆች ሳለን አንተ ጽፈህ እኔ ሥዕል ሥዬባት፣ ወረቀቱን ለአራት አጥፈን፣ አሁን የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት እያባዛን ለሰፈሩ የምናድላት እጥፋት። ያኔ የአንባቢዎቻችንን መልክ እናውቅ ነበር። ማን እንዳነበባት፣ ማን ሳሙና እንደጠቀለለባት ሁሉ እናውቅ ነበር። አሁን አንተ እዚያ ሆነህ በኢንተርኔት ታወጣታለህ፤ ከሥሯ የዓይን ምልክት አለች፣ ይህን ያህል ሺህ ሰው አየ ትላለች። ከዚያ ሁሉ ሺህ ሰው አንዱ እንኳ መንገድ ላይ አስቁሞ "ጽሑፋችሁ አሰልችቶኛል" ብሎኝ አያውቅም። እኔ በበኩሌ ያ ዓይን የሚያፈጥ እንጂ የሚያነብ አይመስለኝም።

አንተም የራስህ ሙግት እንዳለህ አልረሳሁም። ወረቀት ይቀደዳል፣ ሻይ ይደፋበታል፣ ባሕር አይሻገርም ትለኛለህ። እውነትህን ነው። እኔ ግን ስልክ ለማይወዱት ለእነ እማዬ፣ ለአጎታችንና ለምላጬ ስል፣ በወጣች ቁጥር ፕሪንት አድርጌ፣ አጥፌ፣ በስቴፕለር መትቼ አድላለሁ። ምላጬን መቼም አልረሳኸውም፤ ከአባባ የታፔላ መጻፊያ ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ወረቀቱና ቀለሙ የቀጣሪዬ ነው፤ እያወቀ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ለራሱም አንድ ይወስዳል። እትዬ ታላቅነቷን ይዛ ትስቅብኛለች። "በዚህ ዘመን ወረቀት ትጎትቻለሽ፤ ስልኬን ብከፍት እኮ በነፃ፣ ከነቀለሟ አለችልኝ" ትለኛለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እላታለሁ። ማን ሊሰማኝ!

ያለፈችው እትም ስለ አባባ ነበረች፤ ከሞተ ዓመት ሲሞላው ያወጣሃት። ስለ ታፔላዎቹ ነበር የጻፍከው፤ ስለ ዳቦ ቤቱ፣ ስለ ጥርስ ሐኪሙ፣ ስለ ጫማ ሰፊው ታፔላ፣ ፊደል ሲጽፍ የምላሱን ጫፍ እንዴት እንደሚነክስ። እያነበብኩ ሳቅሁ፣ እያነበብኩ አለቀስኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ይህቺን አገኘሁ፦ "በመጨረሻዎቹ ዓመታት የአባባ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ እሱ ተቀምጦ ይነግራት ነበር እንጂ፣ ብሩሹን ይዛ ታፔላዎቹን የጻፈችው እህቴ ናት።"

ወንድሜ፣ ማሽኑን ተደግፌ ቆምኩ። እኔ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንተ ታውቅ ነበር፤ ከመሄድህ በፊት አንድ ቀን በጓሮ በር ገብተህ እሱ ወንበር ላይ፣ እኔ መሰላል ላይ ሆነን አይተኸናል። አባባም ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኝቶሃል። ዝም አይነቅዝም ብለን ሦስታችንም ዝም አልን። ሰው "የሽማግሌው እጅ አይደክምም እኮ!" ሲል አብሬ ሳደንቅ ነው የኖርኩት። ቅር ብሎኝ አያውቅም፤ የአባቴ ስም ነው። አንተ በጽሑፍ ስታወጣው ግን፣ አልዋሽህም፣ ከልቤ ደስ አለኝ። እሰይ፣ አንድ ሰው አየኝ አልኩ።

የዚያኑ ዕለት አባዝቼ አደልኩ። ለእማዬ ዓይኗ ስለደከመ ራሴ አነበብኩላት። ያቺን መስመር ቀስ ብዬ አነበብኳት። እማዬም ጣቶቿን እያሻሸች "ቀጥይ" አለችኝ፤ ቀጠልኩ።

እሑድ ሁላችንም ለምሳ እማዬ ቤት ተሰበሰብን። አጎታችን ወረቀታቸውን በኮት ኪሳቸው ይዘው መጥተው "ለካስ ወንድሜ እጁ ደክሞ ኖሯል! ለካስ ይህቺ ልጅ ናት!" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እትዬ ሹካዋን አስቀምጣ እንዲህ የሚል ነገር የለም አለች። እንዴት የለም ብለው ወረቀቱን ዘረጉ፤ እሷም ስልኳን ዘረጋች። ወይ ጉድ! ርዕሱ አንድ፣ ፎቶው አንድ፣ ቀኑ እንኳ አንድ ነው። ያቺ መስመር ግን ወረቀቱ ላይ አለች፣ ስልኩ ላይ የለችም። በእሷ ፋንታ "እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ የአባባ እጅ ዝንፍ አላለም" ይላል።

ገበታው ለሁለት ተከፈለ። አጎታችን አንዴ የተጻፈ ነገር እንዴት ይለወጣል፣ ውሸታሙ ስልኩ ነው አሉ። እትዬ ደግሞ ስልኩ ላይ ያለውን ያወጣው ባለቤቱ ነው፣ ወረቀቱን ያወጣው ማን ነው አለች። ማን ነው? እኔ ነኛ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራ፣ ኮምፒውተሩ በእጄ፣ ቀለሙ በእጄ፣ መስመሯም እኔኑ የምታወድስ። ምስክር እንኳ አያስፈልገውም ነበር። እኔም ያነበብኩላትን ታስታውሳለች ብዬ ወደ እማዬ ዞርኩ። እማዬ ሳህኗን እያየች "ልጅቷ ጨምራበት ይሆናል" አለች።

ክው አልኩ። ሌባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። የሞተ አባቷን ክብር ለራሷ የወሰደች ልጅ ሆንኩ፤ ይህን ያለችው ደግሞ እናቴ ናት። ካፖርቴን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ያልጠረጠርኩት የለም። መጀመሪያ ራሴን ጠረጠርኩ፤ በልቤ የተመኘሁትን ጽፌ ይሆን እንዴ ብዬ የሥራ ቤቱን ኮምፒውተር ከፈትኩ። ያወረድኩት ጽሑፍ ከነመስመሩ ቁጭ ብሏል። ቀጥሎ ማሽኑን ጠረጠርኩ፤ ስልክ ራሱን በራሱ አፕዴት ያደርጋል ይላሉና። ማሽን ግን "ዝንፍ አላለም" አይልም። ቀጥሎ ገጹን አብሮህ የሚያዘጋጀውን ጓደኛህን፣ ያንን ስሙን ሁልጊዜ ከስምህ በፊት የሚጽፈውን ጠረጠርኩ። እሱ ደግሞ አባባን አያውቀው፤ እጁ ቢንቀጠቀጥ ባይንቀጠቀጥ ምን ገዶት! "ዝንፍ አላለም" የአንተ ቃል ናት። ተማሪ ሳለህ ስለ ትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ በረኛ ስትጽፍ እንኳ አትቀርህም ነበር። እንግዲህ ዞሮ ዞሮ የቀረኸው አንተ ነህ። ሌላ ሰው ብጠረጥር እናደዳለሁ፤ አንተን ስጠረጥር ግን ከፋኝ።

ያስጠፋህስ ማን ነው ብዬ እትዬን ያዝኳት። እሷን ታውቃታለህ፣ መዋሸት ስትጀምር ዕቃ ታጥባለች። የታጠበ ብርጭቆ መልሳ ስታጥብ ደርሼ አንቺ ነሽ አይደል የደወልሽው አልኳት። መደወሉን ደወልኩ፣ የተናገረችው ግን እማዬ ናት አለችኝ። ባነበብኩላት ማግስት "ልጄን አገናኚኝ" ብላት በሩን ዘግታ አነጋግራሃለች። ምን እንደተባባላችሁ አልሰማሁም ትላለች፤ እኔ አላመንኳትም።

እናት አጥፋ ስትል ማጥፋትህን አልፈርድብህም። ግን ለእኔ አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ወረቀቱ በሰው እጅ እንዳለ ታውቃለህ። አንተ እዚያ ተቀምጠህ በጣትህ ነካ ስታደርጋት፣ እኔ እዚህ ያልተባለ ነገር ያባዛሁ ሆንኩ። ይህን ሳታስበው ቀርተህ ነው ወይስ አስበኸው? እዚህ ላይ እስካሁን እጠረጥርሃለሁ።

ይባስ ብላ እማዬ ወረቀቶቹን ሰብስቢ አለችኝ። የአንተ እትም ሻይ እየጠጡ ትታረማለች፤ የእኔ በር እያንኳኩ ነው። ስህተት ስላለበት ነው እያልኩ ቤት ለቤት ዞርኩ። ሰዉ ፈገግ እያለ መለሰልኝ፤ ፈገግታውን አልወደድኩትም፣ "አወቅንብሽ" የሚል መሰለኝ። ምላጬ ግን አልሰጥም አለኝ። ገጹን ቆርጦ ከመስታወቱ አጠገብ ለጥፎታል። ስህተቱ የቱ ጋ ነው ሲለኝ መስመሯን አሳየሁት። ደንበኛውን ግማሽ ጢሙን ላጭቶ እንደተወው ቆሞ ሳቀ። "ከዚህ ወንበር ጀርባ ሆኜ በመስኮታችሁ አይሽ አልነበር እንዴ? ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እኮ! ሽማግሌው እንዳያፍሩ ብለን ነው ዝም ያልነው" አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይህ ነው። እኔ ሚስጥር ጠብቄ የኖርኩ መስሎኝ ነበር። ገጹን ከተለጠፈበት ትቼለት ወጣሁ።

የሰበሰብኩትን ወስጄ ለእማዬ ሰጠኋት። ታቃጥለዋለች ብዬ ነበር። ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ እስቲ አንብቢልኝ አለችኝ። አኩርፌ ስለነበር ከፊቷ ዞር ብዬ፣ ቶሎ ቶሎ አነበብኩ። ያቺ መስመር ጋ ስደርስ አሁንም ጨመርሽ እንዳትለኝ ብዬ አለፍኳት። እማዬ እጇን አነሳችና "ዘለልሽ" አለችኝ።

ዞሬ አየኋት። እሷም አልተቆጣችም። የሁላችሁን ልብስ ሳጥብ የኖርኩት እኔ አይደለሁ፣ የአባትሽ እጅጌ ንጹሕ ሆኖ ያንቺ ቀሚስ ቀለም በቀለም ሲሆን የማላይ ይመስልሻል አለችኝ። አጥፋው ያልኩት እሱ ሞቷል፣ ለራሱ መልስ መስጠት አይችልም ብዬ ነው፤ አንቺ ግን በሕይወት አለሽ፣ ትችይዋለሽ ብዬ ነው አለች። አልቻልኩትም እማዬ አልኳት። ይህን ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ እሷም አለቀሰች። ወረቀቶቹ ከጉልበቷ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ ማናችንም አላነሳናቸውም።

እንግዲህ የምልህ ይህን ነው። ስልኩ ላይ ያለውን እንደፈለግህ አድርገው። ብትመልሳትም አላምንህም፤ ነገ ደግሞ ማን እንደሚደውልልህ ምን አውቄ! እኔ የምፈልገው ያቺን መስመር በገዛ እጅህ፣ በእስክሪብቶ፣ ወረቀት ላይ ጽፈህ በፖስታ እንድትልክልኝ ነው። ሥርዝ ድልዝ ቢኖርበት ግድ የለም፤ ወረቀት ላይ የተሠረዘ ነገር እንኳ ከሥሩ ይነበባል። ሲደርሰኝ እንዳለ አባዝቼ ለአጎታችን፣ ለእትዬ፣ እሑድ ዕለት ለነበረው ሰው ሁሉ እሰጣለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል ነበር፤ የአንተ ስልክ ግን ከአፋፉም ጎትቶ ይመልሳል። ለዚህ ነው የምፈራው።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ በፎቶው የከሳች መስላኛለችና እውነቱን ጻፍልኝ። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፣ በስልክ እንደምስማት ሳይሆን ደህና አድርገህ። ጓደኛህን በከንቱ ስለጠረጠርኩት ሰላም በልልኝ፤ ስሙን ግን ከስምህ በኋላ ይጻፍ። እትዬ ሰላም ብላሃለች፤ ምን እንደደበቀች እንጃ፣ ዛሬም ብርጭቆ ይዛለች። አጎታችን ስልክህን እንዳታምነው ብለዋል። ምላጬ ፀጉርህን እዚያ ማን እያበላሸው ነው ይላል። እማዬ የሦስታችሁንም ስም እየጠራች መርቃችኋለች፤ ከዚያ ይህቺን ጻፊለት አለችኝ፦ "አጥፋ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ጻፍ የምልህም እኔው ነኝ።" ይህን እኔ አልጨመርኩበትም።

የምትወድህ እህትህ
ከፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ከማሽኑ ጀርባ
ኅዳር 9 ቀን