በሸምሱ መስኮት ስላለው ብርሃን አሳላፊ አሻንጉሊት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በዕድሜም በክብርም ለሚቀድሙን ለአማትህ ለወይዘሮ በየነች የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ቀጥሎ ለምራቴ ለአቢጊያ፤ ከዚያም ለአንተ ለልጄ ለአሞጽ። የወይዘሮ በየነች ጉልበት እንዴት ሆነ? የቻይናው የጓንዡ እርጥበት አልከበዳቸውም? አንተስ የንግዱ ሩጫ ምግብህን አላስረሳህም? እኔና እናትህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ አላቆም ብሎ፣ የለቀምነውን ቡና ለማድረቅ ፀሐይ እየለመንን ነው።

ወደ ጉዳይህ ልግባ። በሸምሱ ሱቅ መስኮት ላይ የቆመውን፣ ሲታጠፍ መኪና የሚሆነውን የሮቦት አሻንጉሊት መርምረህ ፍርድህን ላክልኝ ብለሃል። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በዓለም ላይ ጥቂት ብቻ የቀረ፣ መጀመሪያ በቀይ የወጣው ሮቦት «ዳግም የተቀባ» ዓይነት ነው ስትል ጽፈሃል። ልጄ፣ እዚህ በሚዛን «ዳግም የተቀባ» ሲባል የሚታወቀው አንድ ነገር ነው፤ በቦንጋ መንገድ ተገልብጦ፣ ጋራዥ ሰንብቶ፣ እንደ አዲስ የሚሸጥ መኪና። ዳኛ ሳለሁ በችሎት ስንቱን አየሁ! እናም አንድ ሰው ልጄን ሊያታልለው ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ስለዚህ ስለ ቀዩና ስለ መቀባቱ የጻፍከውን ነግሬ የመኪና ቀለም ቀቢውን ተረፈን ይዤ ሄድኩ፤ እሱ ከቀለም ሥር የተደበቀ ስቱኮ በጥፍሩ የሚለይ ሰው ነው።

ሸምሱ ሁለታችንን ሲያይ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ይህ ነገር ሃያ ዓመት እዚህ ሲቆም አንድ ቀን ዞር ብለው አላዩትም። ዛሬ ደግሞ ከቀለም ቀቢ ጋር! ተከሷል እንዴ?» አለኝ። ልየው ብዬ ነው ብዬ አለፍኩት። ተረፈ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አድርጎ፣ ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ ተመለከተና «ጋሼ፣ ይህን ቀለም ነክቶት አያውቅም። ምኑን ልፈትሽ?» አለ። ጥርጣሬዬ እጥፍ ሆነ። ልጄ ተቀብቷል ይላል፣ ዕቃው አልተቀባም፤ እንግዲያው ሸምሱ ለውጦታል ማለት ነው? ፊቴ መጥቆሩን ያየው ተረፈ ሳቀ። «ጋሼ፣ ቢጫው ጄሪካንና ነጩ ጄሪካን ከአንድ ቅርጽ ይወጡ የለ? ይሄም እንደዚያው ነው። ቀዩን በሌላ ፕላስቲክ ደገሙት እንጂ ብሩሽ አላረፈበትም» አለኝ። ለካስ የተሳሳትኩት በቃሉ ነው።

አሁን ያገኘሁትን ልንገርህ። ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፤ ጣቴን ከጀርባው ሳደርግ ጥላዋ ይታያል። በግራ እግሩ ሥር ያለው የፋብሪካው ምልክት ይነበባል። ብሎኖቹ ተፈትተው አያውቁም። መኪና ላደርገው ጭንቅላቱን ወደ ደረቱ ሳስገባ ግን ግራ ትከሻው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየሁና እጄን ሰበሰብኩ። እንደ እኔ ፍርድ እውነተኛ ነው።

ያልለቀቀኝ ጥርጣሬ በአሻንጉሊቱ ላይ አይደለም፤ በደብዳቤህ መጨረሻ መስመር ላይ ነው። «አደራ አባዬ፣ ምንነቱን ለሸምሱ እንዳትነግረው፤ እንደ ተራ መጫወቻ ግዛልኝ» ትላለህ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ቡና ሰብሳቢ ነጋዴ ከሸኮ የመጣን ገበሬ «ቡናህን ዝናብ ነክቶታል» ብሎ ምርጡን ቡና እንደ ውዳቂ በርካሽ ወስዶበት ፊቴ ቀርቦ ነበር። «የቡናውን ደረጃ ካላወቀ የኔ ጥፋት ምንድን ነው?» ብሎ ተከራከረኝ። ፈረድኩበት። በመስመርህ ውስጥ የሰማሁት የዚያን ሰው ድምፅ ነው። ተሳስቼ ከሆነ ይቅር በለኝ፤ አባት ልጁን መጠርጠር ደስ አይለውም።

በማግሥቱ ብቻዬን ተመልሼ ደብዳቤህን ለሸምሱ አነበብኩለት፤ የመጨረሻዋንም መስመር አልዘለልኩም። ስኳር እየመዘነ ነበር፤ ማንኪያውን አስቀመጠ። «አሞጽ ማለት አፍንጫውን ለጥፎ መስታወቴን ሲያቆሽሽ ያደገው ልጅ ነው?» አለ። አዎን አልኩት። «ራሱ ይደውልልኝ። የሚፈልገውን ከአፉ ልስማ። እስከዚያ አይሸጥም» ብሎ አሻንጉሊቱን ከመስኮቱ አነሳው። ስወጣ «ደህና ይዋሉ አቶ ሙሴ» አለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከ«ክቡር ዳኛ» ሌላ ጠርቶኝ አያውቅም።

ስለዚህ ልጄ፣ ለእኔ መልስ ከመጻፍህ በፊት ለእሱ ደውል። ስለ ዋጋው ሳይሆን ስለዚያች መስመር ጀምር።

እናትህ አስካለች ትስምሃለች፤ የደረቀ ኮረሪማ በሰው ልካልሃለች። እህትህ ሣራ ከቴፒ ለጥቂት ቀናት መጥታ ሰላም ብላሃለች። ትንሿን ልጅህን ሆሳዕናን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ለአቢጊያና ለእናቷ ደግሜ እጅ እነሣለሁ። ዓይኔን አምነህ ስላማከርከኝ አመሰግንሃለሁ። ንግድህ እንዲቃና፣ የሸጠልህም የሸጥክለትም ሰው ስምህን በደህና እንዲያነሣው ከልብ እመኛለሁ።

አባትህ ሙሴ
ሚዛን ተፈሪ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2007 ዓ.ም.