ከኋላዬ የነበረው ጉልበት

ሐምሌ 4
ዝናብ። ልምምዱ ወደ ክለቡ መጋዘን ገባ። አሰልጣኙ ባለበት ቆሞ ጎማው የሚሽከረከር መለማመጃ ብስክሌት አምጥቷል፤ እያንዳንዳችን ለብቻ ሃያ ደቂቃ ነድተን ጉልበታችን በዋት ሊለካ ነው። እኔና ስልከኛው ለሁለት ሰው በተሠራ አንድ ብስክሌት ስለምንነዳ የማን ጉልበት የት እንዳለ ተለይቶ አያውቅም። እኔ ፊት፣ መሪ ይዤ። እሱ ከኋላ፣ የራሱን ፔዳል እየመታ። ዓይነ ስውር ነው፤ ሥራው የመሥሪያ ቤት ስልክ ማገናኘት። እኔ አውቶቡስ ስለምነዳ "ተሳፋሪዬ" እለዋለሁ። ይስቃል።

ሐምሌ 9
ባለቤቴ፣ ነገ ፈተና ያለበት ተማሪ መሰልክ አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሐምሌ 12
ማሽኑ ላይ ቀድሜ ወጣሁ። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ጉራዬ አለቀ። ከዚያ ሰዓት ማየት ብቻ... ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ዋት። ከጠበቅሁት ይሻላል፤ ደስ አለኝ።
ከዚያ እሱ። ሰዓት አያይ፣ ቁጥር አያይ። ስንት ቀረኝ ብሎም አልጠየቀም። እስከ አሥራ አምስተኛው ደቂቃ የማሽኑ ድምፅ አንድ ዓይነት። ከዚያ ጨመረ። የክለቡ መካኒክ መፍቻውን እንደያዘ ቀረ። ሰው እንዲህም ይሆናል?
ሦስት መቶ አራት።
ሁለት ዓመት ሙሉ ዳገቱን የማወጣው እኔ መስሎኝ...

ሐምሌ 13
አሰልጣኙ ለብቻዬ ጠራኝ። ፊት የሚቀመጥ፣ ከእኔ የሚበረታ ሰው አግኝቷል፤ ዳቦ ጋጋሪ። ለመስከረሙ ውድድር እሱ ይሻላል ይላል። ለስልከኛው እኔ ልንገረው አልኩ። ምን አቅለብልቦኝ?

ሐምሌ 16
ቤቱ ድረስ ሸኘሁት። ነገሩ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ፈሪ።

ሐምሌ 18
ነገርኩት። ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠን፣ ቁጥሮቹንም የጋጋሪውንም ነገር፣ አንድ ሳላስቀር።
"ዳገቱ እኩሌታ ላይ እንደምትደክም አውቃለሁ" አለ። "ያኔ እጨምራለሁ።"
ለምን አልነገርከኝም አልኩት።
"ምን ይጠቅምሃል ብዬ።" ከዚያ፣ "ማሸነፍ እፈልጋለሁ። ሰውየውን እሞክረዋለሁ። ግን መንገዱን እንዴት እንደምትነግረኝ አንተ አስተምረው።"
እሺ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ነሐሴ 8
ዝናቡ አባራ። ጋጋሪውን ላስተምር ወጣሁ። ዓይኔን በሻሽ አስሬ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ካልቀመስኩት እንዴት አስተምራለሁ?
ሜዳው ላይ ደህና ነበርኩ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ነፋሱ ጆሮዬን ሞላው። መሪ የለኝ፣ ፍሬን የለኝ። ጋጋሪው "ኩርባ" ለማለት ዘገየ። ቀስ በል አልኩት። ሦስቴ።
ስልከኛው በሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ቀስ በል ብሎኝ አያውቅም። ዋት የሚለካ ማሽን አለ። ይሄንን በምን ይለኩታል?

ነሐሴ 27
ጋጋሪው ገብቶታል። ጉድጓዱን ከሩቅ ይናገራል፤ አሁን እንደውም ወሬ አብዝቷል።

መስከረም 14
ስልከኛውና ጋጋሪው ውድድሩ ላይ ሁለተኛ ወጡ። ፎጣ ይዤ መጨረሻው ላይ ቆሜ ነበር። ስልከኛው ትከሻዬን ይዞ፣ ቁልቁለቱን በደንብ አስተምረኸዋል አለኝ። ቀናሁ? ትንሽ። ደስታዬ ግን ከቅናቴ በለጠ፤ እኔም ገረመኝ።

መስከረም 19
አሰልጣኙ ከኋላዬ የምትነዳ አዲስ ጓደኛ ሰጠኝ። የሙዚቃ አስተማሪ ናት፤ ዓይኗ አያይም። ብስክሌቱን በእጇ ከዳሰሰች በኋላ፣ ከኋላ መቀመጥ እፈራለሁ አለችኝ።
"እኔም ፈርቻለሁ" አልኳት። "ቀስ በል ካልሽኝ ቀስ እላለሁ።"
የኋላው ወንበር ላይ ወጣች። ዛሬ ሜዳውን ብቻ ነዳን።