መልስ ሳትይዢ እንዳትመጪ

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ ገነቴ፤

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ ብርድ ሲሆን አሁንም ይጠዘጥዝሻል? አባዬንስ ሳሉ ለቀቀው? እንሰቱስ ዘንድሮ እንዴት ነው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ዛሬ የምጽፍልሽ ደስታ አላስቀምጥ ስላለኝ ነው።

ከመዝገብ ቤት ወጥቼ ለትልቁ ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ጀመርኩ ብዬሽ ነበር። የምጽፈው ሲ በሚባል ቋንቋ ነው። ማሽኑ ያለው ምድር ቤት፣ በመስታወት ክፍል ውስጥ ነው፤ ከኦፕሬተሩ ከአቶ ወልደኪዳን በቀር ማንም አይገባም። መረጃው ያለበትን ቴፕ የሚጭኑትም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ የኔ ፕሮግራም እሳቸው ፊት ባለው ስክሪን ላይ ጽፎ ቴፑን መጠየቅ አለበት።

የተሰጠኝ የእኛው የከምባታና ሀዲያ የእርሻ ቆጠራ ነበር። ሁለት ጊዜ ከሸፈብኝ። ፕሮግራሜ ቴፑ ይጫን ይልና ሳይጫንለት ሥራ ጀምሮ ቀጥ ይላል። አቶ ወልደኪዳንም የማን ጥያቄ እንደሆነ ስላላወቁ ቴፑን ሳይጭኑ ቀሩ። አለቃዬ ጓድ ቸኮል፣ ሦስተኛውም ከከሸፈ ሰኞ ወደ መዝገብ ቤት ትመለሻለሽ አሉኝ። አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም።

ከዚያ አንቺ ትዝ አልሽኝ። እነፋንታዬ ቤት ወንፊት ተዋሺ ብለሽ ስትልኪኝ ከበር ጮክ ብዬ ተናግሬ እየሮጥኩ እመለስ ነበር። አንቺም ወንፊቱስ ትይኝና መልሰሽ ትልኪኝ ነበር። የማን ልጅ እንደሆንሽ ተናገሪ፣ የተላክሽበትን ንገሪ፣ መልስ ሳትይዢ ግን ከበሩ ንቅንቅ እንዳትይ ትይኝ ነበር።

ፕሮግራሜም ያጠፋው ይህንኑ ነው። አስተካከልኩት። አሁን ስሙን ይናገራል፣ የትኛውን ቴፕ እንደሚፈልግና ምን ተብሎ እንደሚመለስለት ይናገራል፣ ከዚያ መልሱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ትናንት አቶ ወልደኪዳን ተጭኗል ብለው መለሱለት፤ ማተሚያውም የአገራችንን ቦታዎች ሀደሮ፣ ሺንሺቾ፣ ሙዱላ እያለ ወረቀቱን ያወርደው ጀመር። ጓድ ቸኮል ራሳቸው መጥተው ጨበጡኝ። የቢሮው ሰው ሁሉ ፕሮግራሙን እንደ ሂሩት ይጻፍ ተብሏል፤ ኩራቴን አትጠይቂኝ።

ፕሮግራሙን ማን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? በፈረንጅ ፊደል ገነቴ ብዬዋለሁ። ዛሬ አቶ ወልደኪዳን ደረጃው ላይ አግኝተውኝ፣ ያቺ ገነቴሽ እኮ መልስ ካልሰጧት ፈቀቅ አትልም ብለው ሳቁ። የእናቴ ስም ነው፣ እሷም እንደዚያው ናት አልኳቸው።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ጵርስቅላን ከነልጆቿ፣ ዋለን፣ እነፋንታዬንም ሰላም በይልኝ። ወንድሜ ማቴዎስ፣ ይህን በሀዲይኛ እያዞርክ የምታነብላት አንተ ነህና፣ ስትጨርስ እስክሪብቶ አንሳና የምትልህን ሁሉ ጻፍልኝ። ልጅሽ በር ላይ ቆማ እየጠበቀች ነው በላት።

ልጅሽ ሂሩት
አዲስ አበባ፣ ግንቦት 10 ቀን 1982 ዓ.ም.