ስሟ ሲጠራ «አቤት» ላላለችው ልጄ

ለተከበሩ የሕፃናት ንግግር ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጉሮሮዎንም ሆነ ምላስዎን ክፉ እንዳይነካብዎ እመኛለሁ፤ ቃል ያጣ ሰው በክፍልዎ ምን እንደሚገጥመው አይቻለሁና።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የአምስት ዓመት ልጅ እናት። በደም ምርመራ ልጄ ንግግርን ሊያዘገይ የሚችል አንድ ትርፍ ኤክስ ክሮሞዞም እንዳላት ታውቋል። ሐኪሟ እንዳስረዱኝ እንዲህ ያሉ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የእኔዋ ግን የሚነገራትን ሁሉ ትረዳለች፣ ቃሉን ፈልጋ ማውጣት ነው ጭንቋ። መቀሱን አምጪልኝ ስላት ሮጣ ታመጣለች፤ ምን ይባላል ስላት ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ሳይረፍድ ትታከም ብለው ወደ እናንተ የላኩን እሳቸው ናቸው።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. እናቶች ላልመጣ ልጅ ተራ እየያዙ ስላስቸገሩ፣ እያንዳንዱ ሕፃን ስሙ ሲጠራ በራሱ አንደበት «አቤት» እንዲል፣ ያላለም እንደቀረ እንዲቆጠር ደንብ አውጥተዋል። ልጄ በተጠራች ቁጥር ዘላ ተነሥታ እጇን አውጥታለች፤ እኔም «ይቺውና!» ብዬ ጮኼአለሁ። ተራ አስከባሪዋ ግን እናት መመለስ እንደማትችል በትሕትና ነግረውኝ ቀጣዩን ጠሩ። መናገር ላቃታቸው ልጆች የተሠራውን ክፍል መናገር ለሚችሉት ስላስረከባችሁልን እናመሰግናለን።

፪. ደጋግማ ስለቀረች ተራዋ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል ተባልኩ። እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ለምን እንደማለቅስ ጥርት ባለ አነጋገር ጠይቆኛል፤ ሕክምናው ሳይጀመር እንዲህ መሻሉ ክፍልዎን ያስመሰግናል።

፫. ጉዳዩን ላስረዳ ቢሮዎ ስገባ፣ ቀና ብለው ሳያዩን ልጅቷ ዓይን አፋር እንደሆነች ነግረው፣ እኔም ማሞላቀቁን ትቼ ቆጣ እንድላት መከሩኝ። ትርፍ ክሮሞዞም በቁጣ የሚቀነስ መሆኑን እስከዛሬ ባለማወቄ አፍሬአለሁ።

አራተኛም ነበረኝ፤ በእሱ ግን መቀለድ አቃተኝ። ክፍልዎ ስድስት ዓመት የሞላውን ልጅ አይቀበልም፤ ልጄ ደግሞ ሊሞላት ተቃርቧል። ከዚያ ወዲያ የት እንደምወስዳት አላውቅም። ሲያማት የቱ ጋ እንደሆነ ስለማትነግረኝ ከራሷ እስከ እግሯ እየነካካሁ እፈልጋለሁ፤ እፈራለሁ፣ እናደዳለሁም። ተራዋ ይመለስላት። የምለምነው ይኸንኑ ነው።

ለደንብዎ አጭር፣ ለእርስዎ ግን ረጅም ዕድሜ ከልብ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ እሰናበታለሁ፤

መጥታ ሳለ ቀሪ የተባለችው ልጅ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሰኞ ለምነን ተራዋን ብናገኝ ብዬ ወደ እናንተ ይዣት ስመጣ፣ የግቢያችሁ በር ላይ ስንደርስ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፦ «እማዬ፣ እዚህ አልገባም።» ዓመታት የጠበቅሁት ነገር ነበርና እያለቀስኩ ሳምኳት። በዓመታዊ ሪፖርትዎ ላይ ከክፍሉ ውጤቶች አንዱ አድርገው ቢያስገቡት ቅር አይለኝም።