የድንኳኑ ቁልፍ

ኅዳር 9
ጠዋት፦ ቀለም ሁለት ጋሎን፣ ሚስማር፣ አንድ ጓጉንቸር። ቀዝቃዛ ገበያ።
አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ሦስት ሩብ ኢንች ቱቦ ጠይቆኝ ግማሽ ኢንች ሰጠሁት። "ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?" ሳቅኩለት። የዛሬ ብቻ ቢሆን...
ሸምሱ ምሳ ጠራኝ። ጎረቤቴ ነው፣ መጋረጃ ይሸጣል፣ እኩያዬ። በላሁ አልኩት። አልበላሁም። ባለቤቴ ፀሐይወርቅ ከሞተች ወዲህ፣ ሰው ሲያዝንልኝ ማየት አልወድም።

ኅዳር 15
ጥሩንባ ተነፋ። እማማ ትሩፋት አርፈዋል፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሚኖሩት። የዕድሩ ድንኳንና ወንበር ከሱቄ ጀርባ ነው የሚቀመጠው፣ ቁልፉም እኔ ዘንድ። ትርፍ ቁልፍ ማንም ጋ የለም። እኔው ነኝ እምቢ ያልኩት፤ ወንበር ሲጠፋ ማንን ልትይዙ ነው ብዬ።
ፈለግኩ። ኪስ፣ መሳቢያ፣ ትራስ ሥር... የለም። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ቆሟል። የዕድሩ ዳኛ ኮርሳ ጎረምሶችን ጠራ። ከራሴ ሱቅ መጋዝ አንስተው፣ ራሴ የሸጥኩላቸውን ጓጉንቸር ቆረጡት። ጥሩ ጓጉንቸር ነበር፣ አስቸገራቸው።
ሻይ ላፈላ ስል ቁልፉን ስኳር ጣሳ ውስጥ አገኘሁት።

ኅዳር 16
ኮርሳ መጣ። "ጋሽ ከበበው፣ አዲሱን ቁልፍ እኔ ልያዘው። እርስዎ ትንሽ ይረፉ።"
ይረፉ! ወንድሜን ማኑሄንም እንዲህ እያሉ ነው የጀመሩት። መጨረሻ ላይ የገዛ ቤቱን በር እያንኳኳ "ባለቤቶቹ አሉ?" ይል ነበር።

ኅዳር 19
ልጄ ሚካል ከሐዋሳ ደወለች። ሰምታለች። ማን ነገራት?
"አባዬ፣ ሱቁን ዝጋና እኔ ጋ ና።"
"እዚያ መጥቼ ሶፋ ጥግ ልቀመጥ?" አልኳት።
"እሺ፣ ቢያንስ ሐኪም ይይህ።"
ይሄ ይሻላል።

ኅዳር 23
ጤና ጣቢያ። ዶክተር ናዝሬት፣ ልጅ እግር ናት። ቀጠሮ ስይዝ "የሚውጡትን ሁሉ ይዘው ይምጡ" ብላኝ ስለነበር ፌስታሉን ዘረገፍኩላት። የደም ግፊቱ ክኒን። ቢጫዋ፣ የእንቅልፍ፤ የሐዘኑ ሰሞን ሸምሱ "ከቤ፣ ይቺ እንደ ድንጋይ ትጥልሃለች" ብሎ ያስለመደኝ። ነጯ፣ ከለቡ ፋርማሲ የገዛኋት፣ የሲሚንቶ አቧራ ሲያስነጥሰኝ።
ቢጫዋንና ነጯን ጎን ለጎን አደረገቻቸው። "አባባ፣ እነዚህ እኮ አንድ መድኃኒት ናቸው። ስማቸው ነው የተለያየው። በእርስዎ ዕድሜ አንዱም ብዙ ነው፤ ያደነዝዛል፣ ያስረሳል።"
እኔ! ካርቶን የተቀየረለትን ዕቃ ከሩቅ የምለይ ሰውዬ...
"ይመለሳል?"
"ከክኒኑ የመጣው ይመለስ ይሆናል። ሌላ ነገር ካለ ደግሞ እናየዋለን። ግፊትዎም መውረድ አለበት።" በደንብ እሰማ እንደሆነ ጆሮዬን መረመረች። "ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?"
"ብቻዬን።"
ጻፈችው።
"እሱም ከበሽታው ጋር ይጻፋል እንዴ?"
"ይጻፋል" አለች። አልሳቀችም።
ነጯን ዛሬውኑ መተው፣ ቢጫዋን እሷ ባለችኝ መሠረት ቀስ በቀስ።

ታኅሣሥ 12
ቢጫዋም ቆመች። እንቅልፍ የለም። ቤቱ ምን ያህል ጸጥ እንደሚል ረስቼው ነበር... ለካ ክኒኗ የምትሸሽገኝ ከዚህ ኖሯል።

ጥር 8
ጠዋት፦ ሲሚንቶ አልቋል። ጓጉንቸር ሦስት። የቧንቧ ሠራተኛው የጠየቀውን በሙሉ ሳልሳሳት ሰጠሁት። "ጋሼ፣ ተመለሱ እንዴ!" ሁሉም አልተመለሰም። ትናንት የእማማ ትሩፋት ልጅ መንገድ ላይ ሰላም ብላኝ ስሟን እንድጠራ ስትጠብቅ፣ ጠፍቶብኝ ቆምኩ።
ኮርሳ ቁልፉን መለሰ። "መጋዘኑ እርስዎ ጋ፣ ቁልፉ እኔ ጋ... ስንመላለስ አለቅን።" ተቀበልኩትና ትርፍ ቁልፉን ለሸምሱ ወሰድኩለት። ምሳ እየበላ ነበር፣ ሳይጠራኝ ተቀመጥኩ። ቁልፉን ገለባብጦ አየው።
"ከቤ፣ የት እንዳስቀመጥኩት ብረሳስ?"
ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።
"ያቺን ቢጫ ክኒን እስካሁን ትወስዳለህ እንዴ?"
ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠና "ማታ ማታ" አለ።
ነገ፦ ሱቅ ሳይከፈት ሸምሱን ጤና ጣቢያ መውሰድ። የክኒኖቹን ፌስታል እንዳይረሳ በጠዋት መደወል።